ጫማዬን ሳላደርግ

ጃፓን ውስጥ የተሸጠ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ዝም ማለት አያውቅም። ድምፁን አጥፉት፣ ንዝረት ላይ አድርጉት፣ የፈለጋችሁትን ነካኩ፤ «ቀጭ» ማለቱን አይተውም። አይፎን እንኳ ለዚያ አገር ገበያ የወጣ ከሆነ ይጮኻል። ብዙ ሰው ሕግ አስገድዷቸው ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ኩባንያዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ያስገቡት ልማድ ነው። ሻርፕ የሠራው ጄ-ኤስኤች04 የተባለ ባለ ካሜራ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2000 መገባደጃ ገበያ ላይ ሲውል የምስሉ ጥራት 110,000 ፒክስል ብቻ ነበር፤ ዛሬ እጃችን ላይ ካለው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል። ያም ሆኖ ካሜራ ኪስ ውስጥ ሲገባ፣ ባቡር ውስጥና ደረጃ ላይ የሴቶችን ገላ ሰርቀው የሚያነሱ ሰዎች ጣጣም አብሮ መጣ። መላ ተብሎ የተገኘው በሌባው እጅ ውስጥ ሆኖ የሚጮኽ ካሜራ ነው።

ይህን ድምፅ መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ገብቼ፣ እዚያው ተምሬ ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ ነው ረዳት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ጃፓን የሄድኩት። የተመደብኩት ፉኩሺማ ክፍለ ሀገር፣ ሱካጋዋ ከሚባለው ከተማ አቅራቢያ፣ ወጣቱ ወደ ቶኪዮ ሄዶ አዛውንትና የሩዝ ማሳ በቀሩባት ትንሽ ከተማ ነው። ከአሜሪካ ይዤው የሄድኩት ስልክ በረዶ ላይ ወድቆ ሲከሰከስ ሌላ ከዚያው ገዛሁ። ያቺ ከተማ ጠዋት ጠዋት የምትሰማው የወፍና የብስክሌት ሰንሰለት ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስልኬን አውጥቼ አንዲት ፎቶ ሳነሳ፣ በቅዳሴ መሃል ስልኩ እንደጠራበት ሰው እሸማቀቅ ነበር። ሰው ሁሉ ይዞራል። ዞሮም የሚያየው እኔን ነው፤ በዚያ አካባቢ ብቸኛዋን ጥቁር ሴት።

ስለዚህ ነገር እውነቱን ልናገር። እዚያ አገር እኔ ካነሳሁት ፎቶ ይልቅ የተነሳሁት ሳይበልጥ አይቀርም። ሱፐርማርኬት ውስጥ እናቶች ከልጃቸው ጋር እንድቆም በትሕትና ይለምኑኛል። የአገር ሽማግሌዎች በዓል ላይ መሃል ያስገቡኛል። ፈቃዴን የጠየቀኝን ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ግን አልወደውም፤ ፎቶ መነሳት ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጨንቀኛል። አንድ ቀን ኮሪያማ በሚሄደው ባቡር ላይ በመስኮት የሩዙን ማሳ እያየሁ ሳለ ከፊት ለፊቴ «ቀጭ» የሚል ሰማሁ። ቀና ስል አንዲት ወጣት ስልኳ ወደኔ እንደዞረ ደርቃ ቀርታለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ ብል ማጋነን አይሆንም። ደጋግማ አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ፎቶውን እያሳየችኝ አጠፋችው። ድምፁ ባይኖር ኖሮ እኔ የማላውቀው ፊቴ በማላውቃት ሴት ስልክ ውስጥ ሆኖ የማላውቀው ቤት ይገባ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ «ቀጭ» ላይ ያለኝ ቂም በረደ። እኔንም ያስደነግጠኛል፣ እኔንም ይጠብቀኛል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን መደንገጥም አያስፈልግም፤ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው። አስተማሪ በግል ስልኩ ተማሪ አያነሳም። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ወላጆች የልጃቸው ምስል በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ይውጣ አይውጣ ብለው ይፈርማሉ፤ አይውጣ የተባለው ልጅ አይወጣም፤ ክርክር የለም። ለስፖርት ቀንና ለሽርሽር ባለሙያ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ያነሳቸው ፎቶዎች በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይደረደራሉ፤ ልጆቹ የራሳቸውን እየፈለጉ ይሳሳቃሉ፤ ወላጅ የሚፈልገውን ቁጥር ፖስታ ላይ ጽፎ ገንዘቡን ከትቶ ይልካል። መጀመሪያ ይህ ሁሉ ሥርዓት ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። አሜሪካ የነበሩ ጓደኞቼ ክፍል ውስጥ ያለውን ሕፃን ሁሉ አቅፈው ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉ ለምጄ ነበርና። አሁን ሳስበው በዚያ ኮሪደር ላይ የሚያስቀና ነገር አለ። እያንዳንዱ ልጅ የተነሳውን ፎቶ አይቶታል። የፈለገውም ወደ ቤቱ ወስዶታል።

እና እኔ ምን ቀረኝ? ፊት የሌለበት ነገር ሁሉ። ዝናብ የጠጡ ጃንጥላዎች በር ላይ ተደርድረው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልጠፋ የሒሳብ ቀመር። ልጆቹ ራሳቸው ወለሉን የሚወለውሉባቸው ጨርቆች፣ ከክፍሉ መስኮት ሥር እንደ ልብስ በመቆንጠጫ የተሰጡ። የምሳ ትሪ፦ ሩዝ፣ ሾርባ፣ አሣ፣ ሁልጊዜ የማትቀረው ባለ 200 ሚሊ ሊትር የወተት ካርቶን። ምሳውን ነጭ ቆብና ሽርጥ ያደረጉ ልጆች ናቸው የሚያድሉት፤ አስተማሪውም ከእነሱ እኩል ተሰልፎ፣ ከእነሱ እኩል ደርሶት፣ እነሱ መሃል ተቀምጦ ይበላል። እነዚህን ነገሮች ተማሪ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ ለአባዬ ስል አነሳ ነበር።

አባዬ አዲስ አበባ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ። ታናሽ እህቴ ስልኩ ላይ ቴሌግራም ከጫነችለት ወዲህ ዋና ሥራው የኔን ፎቶ መመርመር ሆኗል። መመርመር ነው የምለው፤ ማየት አይበቃውም። በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ከጥግ እስከ ጥግ ይፈትሸዋል። ከኛ ብዙም ሳይርቅ ሚሃሩ በምትባል ከተማ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ የቼሪ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት ስለሚወርዱ ሲያብብ ሮዝ ፏፏቴ ይመስላል፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት የተጠበቀ የተፈጥሮ ቅርስ ነው። ሚያዝያ ላይ ሰው ከአራቱም ማዕዘን እየመጣ ያነሳዋል። እኔም ተጋፍቼ፣ ፀሐዩን ጠብቄ፣ የሰው ጭንቅላት የማይታይበት ቦታ ፈልጌ አንድ ያማረ ፎቶ ላክሁለት። መልሱ በድምፅ መጣ።

«አበባው ደህና ነው። ከታች በቀኝ በኩል ቀይ መብራት ያለው ዱላ የያዘው ሽማግሌ ማነው?»

መኪና የሚያስቆሙ አስተናባሪ ናቸው አልኩት።

«በስተርጅና? ጡረታ የላቸውም? ስንት ይከፈላቸዋል?»

እኚያ አዛውንት በፎቶዬ ውስጥ መኖራቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስሄድ እሳቸውን ፈልጌ፣ ጠይቄ፣ ከአባዬ የተላከ ጥያቄ ነው ብዬ አወራኋቸው። ጡረታ አላቸው፤ ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ ለእህቴ «አየሽ!» አለ፤ ምኑን እንዳየች እኔ እንጃ፤ በሁለቱ መካከል ያለ የቆየ ክርክር መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ሳነሳ አባዬ ምን ይጠይቃል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የጥያቄውን መልስ አብሬ ለማንሳት እሞክራለሁ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ያላሰብኩትን ያገኛል። የምሳውን ትሪ ስልክለት ወተት የማይወድ ልጅ ምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። የወለል ጨርቆቹን ስልክለት ዘበኛና ጽዳት የለም ወይ አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ የጫማ መደርደሪያውን ላክሁ። ጃፓን ትምህርት ቤት ልጅ ሁለት ጫማ አለው፤ የመንገዱን በር ላይ አውልቆ ስሙ በተጻፈበት ሣጥን ያስቀምጣል፤ የቤቱን ነጭ ሸራ ጫማ ያደርጋል። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጫማዎች፣ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አዙረው።

አባዬ የዚያን ዕለት ምንም አልጠየቀም። ማታ፣ ለኔ ሊነጋ ሲል፣ ረጅም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1962፣ በእኛ 1955 መባቻ ገደማ መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኮሌጅ የጨረሱ አፍላ ወጣቶች ሲሆኑ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው ማስተማር ጀመሩ። ዳይሬክተራቸው በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። በየክፍሉ የአስተማሪ እጥረት ነበርና ያን ትውልድ ያነጋገራችሁ እንደሆነ ከፒስ ኮር የተማረ ሰው አታጡም። አባዬም ደብረ ማርቆስ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው ከእነሱ አንዱ ነው። ይወደው ነበር። ሎጋሪዝም ያስገባኝ እሱ ነው ይላል፤ አባዬ ደግሞ ሎጋሪዝም ያስገባውን ሰው በክፉ አያነሳም።

ያ አስተማሪ ካሜራ ነበረው። አንድ ጠዋት፣ ክረምቱ ገና ጨርሶ ሳይወጣ፣ ልጆቹ ጭቃውን እየተሻገሩ ወደ ክፍል ሲገቡ በር ላይ ቆሞ ያነሳቸው ነበር። አባዬ ጫማ ነበረው። አያቴ ማር ሸጠው የገዙለት ቆዳ ጫማ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ጫማ ካላቸው ጥቂት ልጆች አንዱ ነበር። በጭቃ ግን አይደረግም። ማሰሪያውን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ በር ላይ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ያደርገዋል። የዚያን ዕለት ካሜራውን ሲያይ ቶሎ ብሎ ሊያደርግ ጎንበስ አለ። አስተማሪው በምልክት «እንዳለህ ሁን» አለው። ቀና አለ። ተነሳ።

«ጫማዬን ሳላደርግ አነሳኝ» አለ አባዬ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከ60 ዓመት በኋላ የሒሳብ ጉድለት እንደሚያሳይ ሰው ነው የተናገረው። «ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አሳያችኋለሁ አለን። እኛም እንጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። አሜሪካ የሆነ ሰው ሣጥን ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ አለ። ያየው ሰው ሁሉ ጫማ የሌለው ልጅ ይላል። ጫማ እኮ ነበረኝ፤ አንገቴ ላይ ነው።»

መልእክቱን ደጋግሜ ሰማሁት። ካሜራ ይዞ ባዕድ አገር ያስተማረ ወጣት በዓይነ ሕሊናዬ ሲመጣ ከኔ ብዙም አልራቀብኝም። ክፉ አልነበረም። ጭቃውን፣ ጭጋጉን፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ አይቶ ውብ ነው ብሎ ይሆናል፤ ውብም ነው፤ እኔም ብሆን አነሳው ነበር። የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች በይነ መረብ ላይ ያስቀመጧቸውን የዚያን ዘመን ስላይዶች ብዙ ሌሊት አገላብጫለሁ። ነጭ ለባሽ ገበያተኛ፣ ጣና ላይ ታንኳ፣ የመስቀል ደመራ፣ ስማቸው ያልተጻፈ እጅግ ብዙ ተማሪዎች። አባዬን አላገኘሁትም። ያገኘኋቸውን እልክለታለሁ፤ እየለጠጠ ከልጆቹ ይልቅ የቤቱን ቆርቆሮ ያያል፤ «ይኼ ደብረ ማርቆስ አይደለም» ይላል፤ ያበቃል።

ስለ ጫማና ስለ ምስል ከተነሳ አይቀር፣ ቀደም ብዬ ሱካጋዋ ስል ስሙ ያልገባው አንባቢ ካለ፣ የማራቶን ሯጩ ትሱቡራያ ኮኪቺ የተወለደባት ከተማ ናት። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 11፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገደማ ሲያሸንፍ፣ ትሱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገብቶ፣ አገሩ ሁሉ እየጮኸ፣ መጨረሻው ዙር ላይ በእንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ተቀደመና ሦስተኛ ሆነ። በ1968 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ በ27 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በዚያ አካባቢ ያሉ አረጋውያን ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ከየት ነሽ ሲሉኝ «ኢትዮጵያ» ካልኩ ግን ሁሉም «አበቤ!» ነው የሚሉት፤ በዚያ ስም ስንት ዱባና ስንት ኪያር በነፃ እንደበላሁ ራሴም አላውቀው።

የሚገርመኝ ጃፓኖችም «ባዶ እግሩ አበበ» ይሉታል። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነበር፤ ኢቺካዋ ኮን በ1965 ባወጣው የኦሊምፒክ ፊልም ላይ በቅርበት ተነስቶ ይታያል፤ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የሮሙ ምስል ግን ዓይን ውስጥ ቀድሞ ስለገባ የቶኪዮው ጫማ ቦታ አላገኘም። ጎረቤቴ የነበሩ ኪያር የሚያለሙ ሽማግሌ በዚያ ዘመን እንደ ብዙ የሰሜን ምሥራቅ ገበሬ ልጆች ለግንባታ ሥራ ቶኪዮ ወርደው ነበርና ኮሹ ካይዶ የሚባለው መንገድ ዳር ቆመው ሯጮቹን አይተዋል። «ባዶ እግሩን ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጫማ ነበረው» አሉኝ ወዲያው፤ «የጫማውን ድምፅ ሰምቻለሁ።» ለአባዬ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። «በይ እንግዲህ፣ አንድ ምስክር ተገኘ» አለ።

መኸር ላይ የዚያ አገር ገጠር ብርቱካንማ ይሆናል። ካኪ የሚሉትን ፍሬ፣ ጥሬውን ሲበሉት አፍ የሚያኮማትረውን ዓይነት፣ ልጠው በገመድ እያሰሩ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይሰቅሉታል፤ ሲደርቅ ማር ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በማልፍበት መንገድ ላይ አንድ የቆየ የእንጨት ቤት አለ፤ በረንዳው ሙሉ ካኪ ተሰቅሎበት፣ ከሥሩ ባለቤቲቱ ባልቴት ነጭ የወጥ ቤት ሽርጥ እንዳደረጉ ጎንበስ ብለው ይልጣሉ። የማታ ፀሐይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ለፎቶ አንሺ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ቆምኩ፤ እጅ ነሳሁ፤ በተሰባበረ ጃፓንኛዬ ፎቶ ላነሳዎት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔን? ቆይ፣ ቆይ!» ብለው ቢላዋውን ጥለው ወደ ቤት ገቡ።

ገባኝ። ሴት አያቴም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ ቀሚስ ሳትቀይር ካሜራ ፊት አትቆምም። ግን ልናዘዝ፤ እኔ የፈለግሁት ሽርጡን ነው። የፈለግሁት እጃቸው ላይ የተጣበቀውን ልጣጭ፣ ጎንበስ ያለውን ጀርባ ነው። ፀሐዩ ደግሞ አይጠብቅም፤ በዓይኔ እያየሁት ከበረንዳው ወረደ፣ ከግድግዳው ወረደ፣ አጥሩን ተሻገረ። ብጠብቅም ብጠብቅም አልመጡም። ባዶውን በረንዳ አንስቼ ልሂድ ወይ ብዬ አሰብኩ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አባዬ ግን ያን ሰሞን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነበርና፣ ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያ የሚፈታው ልጅ እየመጣ፣ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሲወጡ ጥቁር ኮትና ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ የሉል ጌጥ፤ ፀጉራቸው በውሃ ተስተካክሏል፤ ከንፈራቸው ትንሽ ቀልቷል። ካኪው ፊት አልቆምም አሉ፤ ነጩ ግድግዳ ጋ ሄደው እጃቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን እንደ ጉርድ ፎቶ ቀጥ አድርገው ቆሙ። ብርሃኑ ጠፍቷል። በአነሳስ ደረጃ ከዚያ የባሰ ፎቶ አንስቼ የማውቅ አይመስለኝም። «ቀጭ» ሲል ትንፋሻቸውን ለቀቁና ሳቁ፤ የሳቁትን አልያዝኩትም።

በማግሥቱ ኮንቢኒ ገባሁ። ጃፓን ውስጥ ፎቶ ማውጣት የተመቸ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት በሆኑት ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያደርገው ማሽን ከስልክ ላይ ፎቶ ያወጣል፤ 89 በ127 ሚሊ ሜትር የሆነችው የተለመደች መጠን ያኔ ከ50 የን በታች ነበረች። አወጣሁት። ከጀርባው ላይ ቀኑንና ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ፤ አባዬና ጓደኞቹ ፎቶ ሲለዋወጡ ጀርባው ላይ ለማስታወሻ ብለው ይጽፉ እንደነበረው። ወስጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የተናገሩት ነገር አልገባኝም፤ አንድ ትልቅ ነገር በእጃቸው አሳዩኝ፤ እንዲህ ተለቅ፣ እንዲህ በፍሬም። ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው ብዬ አሰብኩ።

የነገሩ ፍቺ የተገለጠልኝ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ታሪኩን ለነርሷ ስነግራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ አዛውንቷ ለቀብራቸው የሚሆን ፎቶ አግኝተዋል ማለት ነው አለችኝ። በጃፓን ለቅሶ ላይ በአበባ የተከበበ ትልቅ የሟች ፎቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ከዚያም በኋላ ቤት ውስጥ ይኖራል። ልጆቻቸውን በጥድፊያ ከሠርግ ፎቶ መሃል ቆርጦ ማውጣት እንዳያስጨንቃቸው፣ ብዙ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ራሳቸው መርጠው ያዘጋጁታል። እኛ አገርስ ቢሆን? ለቅሶ ቤት ስንገባ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀበለን በፍሬም ያለ ትልቅ ፎቶ አይደል? ብዙ ጊዜ ደግሞ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ በግድ የተለጠጠ፣ ሟቹ ራሱን ቢያየው የማያውቀው።

በሽርጥ ባነሳቸው ኖሮ ስልኬ ውስጥ እስከ ዛሬ የማደንቀው ፎቶ ይኖረኝ ነበር። እሳቸው ግን ለቀብራቸው የሚሆን ፎቶ አይኖራቸውም ነበር።

ይህችው ነርስ ነች በኋላ ስለ ያማሞቶ ያወራችልኝ። ማርች 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ሱናሚው የሰሜን ምሥራቁን ባሕር ዳር ሲጠርግ፣ ከእኛ ክፍለ ሀገር በስተሰሜን የምትዋሰነውን ያማሞቶ ከተማንም ወሰደ። ከፍርስራሹ ውስጥ ወታደሩና ነፍስ አድን ሠራተኛው ፎቶ ባገኘ ቁጥር አልጣለውም፤ ሰበሰበው። በዚያች ከተማ ብቻ ወደ 750,000 የሚጠጋ ፎቶ ተሰበሰበ። በጎ ፈቃደኞች ከየቦታው መጡ፤ እሷም ቅዳሜና እሑድ እየሄደች ነበር። ፎቶው የተሠራበት ጄላቲን በጨውና በጭቃ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ቀለሙ ከዳር እየሟሟ ወደ መሃል ይመጣል። በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጭቃውን ትንሽ ትንሽ እያነሱ፣ ቀለሙ አብሮ እንዳይሄድ እየፈሩ ያጥባሉ፤ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላሉ። ሲደርቅ አዳራሽ ውስጥ ይዘረጋል፤ ሰው እየመጣ የራሱን ይፈልጋል።

«ቤታቸውን፣ ባላቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው» አለችኝ፤ «እዚያ አዳራሽ ውስጥ አቀርቅረው የሚፈልጉት ግን ፎቶ ነው። የተሠረዘ ፊት ያለበትንም ቢሆን ይወስዱታል። ልብሱን አይተው ያውቁታል።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ጠይቄ ያነሳሁትን ሰው ፎቶ አውጥቼ እሰጣለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም። ቤቱን የለወጠ አለ፤ በሆነ ገበያ አንዴ አግኝቼው ያጣሁት አለ፤ ፖስታ ውስጥ ሆነው የተቀመጡ፣ ባለቤታቸው ያልተገኘ ፎቶዎች መሳቢያዬን ሞልተዋል። ሊለብስ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ካለ እጠብቃለሁ። ብርሃን ይሄዳል። ብዙ የሚያምር ነገር አምልጦኛል፤ ያስቆጨኛልም፤ አልዋሽም። አልፎ አልፎ ደግሞ ሰዎቹ የለበሱት ልብስ ያስጠላኛል፤ ካሜራ ፊት የሚቆሙበት ድርቅ ያለ አቋቋም ያስጠላኛል። እሱ ግን የኔ ችግር ነው።

የአዛውንቷን ታሪክ ለአባዬ ስነግረው የመጀመሪያው ጥያቄው ካኪውን ዝንብ አይወረውም ወይ የሚል ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ዝንብ የለም አልኩት። ቀጥሎ ትንሽ ዝም አለና፣ አዲስ አበባ በምመጣበት ጊዜ ለእሱም እንዲሁ ያለ ፎቶ እንዳነሳለት አዘዘኝ። እህቴ ከጎኑ ሆና ሟርት ነው ብላ ጮኸች፤ የዚህ ዓይነት ወሬ ቤታችን እንዳይገባ አለች። «ሴትዮዋ እኮ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አሁንም ካኪ እየሰቀሉ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ወደ ልብስ ዞሯል። እሱ ግራጫውን ሙሉ ልብስ ነው የሚለው፤ ጡረታ ሲወጣ የሸለሙትን። እህቴ፣ አሁን የግድ ከሆነ፣ ነጭ ጋቢ ያምርበታል ትላለች። ጋቢ የታመመ ሰው ያስመስላል ይላል። እኔ ሁለቱንም አነሳለሁ ብል ማንም አልሰማኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ የአዛውንቷን ፎቶ ማስፋትና ፍሬም ማስገባት ስንት እንዳስከፈለ ይጠይቃል። ነገርኩት። ወደ ብር መንዝሮ፣ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች ጋር አስተያይቶ፣ ጃፓን እንዳላሠራው፣ ፋይሉን ብቻ ይዤ እንድመጣ ወሰነ።